የተጠቀመችበት፦ ዜሮ

ተውፊቅ ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣውን ዲስኬት ኮምፒውተሬ ውስጥ ይከታል። ወንበሬ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው፤ እኔ ቆሜያለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አይቼ አላውቅም።

«እህቴ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ» ይላል ፊቱን ሳያዞር። «ዋናው መሥሪያ ቤት ለአሰብ የገዛው የፕሮግራም ፈቃድ ለስድስት ሰው ነው። ካልተጠቀመበት ሰው ላይ እየሰረዝን ለሌላ ቅርንጫፍ እንሰጣለን። ስምሽ እዚህ አለ።»

ወረቀቱን ከእጁ እነጥቀዋለሁ። ስድስት ስም፣ ከጎናቸው «የተጠቀመበት» የሚል ዓምድ። ሳዲያ አሥራ ሁለት። ኑህ ሠላሳ። ራዲያ ዜሮ። ከግርጌው ዋናው መሥሪያ ቤት በቀይ ብዕር «ፈቃዷ የተሰረዘባት ሠራተኛ ወደ መጋዘን ትዛወር» ብሎ ጨምሮበታል።

ዜሮ እኔ ነኝ። በዚህ ትራንዚት ድርጅት መርከብ የጫነችውን ዝርዝር፣ ማኒፌስቱን፣ ከጧት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ የምመታው እኔ ነኝ። ኑህ ኮምፒውተሩን ፎጣ አልብሶት ከሄደ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይኼ ነው።

ዛሬም አንዲት መርከብ ወደቡ ላይ ቆማለች፤ ማኒፌስቷ እስከ ቀትር ካልደረሰ ማራገፍ አትጀምርም። ተውፊቅ ደግሞ በአራት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ አለበት፤ ታክሲው በር ላይ ሞተሩን አላጠፋም። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኛል። ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እኔ አዞረዋለሁ፣ መልሼ ወደ እሱ አዞረዋለሁ።

«ይኼን ዝርዝር ማን ሰጠህ?»

«ከእናንተው የመጣ ነው። እኛ አዲስ አበባ ሆነን አሰብ ውስጥ ማን ምን እንደሚከፍት አይታየንም። ስለዚህ በፋክስ ጠየቅን።» ግርጌው ላይ ያለውን ፊርማ በጣቱ ያሳየኛል። የአስተዳደር ኃላፊያችን የጋሽ ይመር ነው።

ጋሽ ይመርን ከነመነጽራቸው ከቢሯቸው ጎትቼ አመጣቸዋለሁ።

«ጋሽ ይመር፣ እኔ ዜሮ ነኝ?»

«ነሽ እንጂ» ይላሉ ረጋ ብለው። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወስደሻል? ስንቴ ለምኜሻለሁ፣ ውሰጂ ብዬ። ኑህን ተመልከች፣ የዘንድሮውን ሠላሳ ቀን ሙልጭ አድርጎ ተጠቅሟል።»

ተውፊቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ ያየናል። «ሠላሳ ቀን? ሠላሳ ሰዓት አይደለም?»

«የምን ሰዓት? የዓመት ፈቃድ በሰዓት ይቆጠራል እንዴ?»

ጋሽ ይመር ሄደው ፋክሱን ከፋይላቸው ያመጡና ጮክ ብለው ያነባሉ። «የፕሮግራም ፈቃድ አጠቃቀም ዝርዝር በአስቸኳይ…» ድምፃቸው እዚያ ላይ ይወርዳል። እሳቸው ሃያ ዓመት የሚያውቁት የፈቃድ ፕሮግራም ነው፤ ማን በየትኛው ወር እንደሚያርፍ እየጻፉ ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት። ሁለቱ ቃላት ቦታ መለዋወጣቸውን አላዩም። እኔም ብሆን አላይም ነበር፣ ግን ይኼን አሁን ልነግራቸው አልፈልግም።

«እረፍት ባለመውጣቴ ተሰረዝኩ» እላለሁ። «ወላሂ፣ ስተኛ ብከርም ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ዜሮውን ሰርዤ እፈርማለሁ» ይላሉ ጋሽ ይመር፣ ብዕራቸውን እየፈለጉ።

«በብዕር አይሆንም አባቴ፣ ማስረጃ ይዤ መመለስ አለብኝ።» ውጭ ታክሲው ጡሩምባ ይነፋል። ተውፊቅ ሰዓቱን ያያል፣ ዲስኬቱን ያወጣል። «ቆዩ። ፕሮግራሙ ራሱ ይቆጥራል፤ ማን ስንት ሰዓት እንደከፈተው ይመዘግባል።»

ጥቂት ይነካካል። ስሞቹ ይመጣሉ። ኑህ፣ አርባ አንድ ሰዓት። ራዲያ፣ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ሁለት።

ተውፊቅ ይስቃል። «አብሽሪ፣ ከዚህ ወንበር የሚያነሳሽ የለም። እንዲህ ያለ ቁጥር አዲስ አበባም አላየሁ።» ካልኩሌተሬን አንስቶ ያካፍላል። «ሌሊቱን ጨምረሽ ብትቀመጪ ሦስት መቶ ሃያ ስድስት ቀን ነው። ዓመት ሊሞላሽ ነው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ መጋዘን አልወርድም። ደስታው ግን አልመጣም። እህቴ ሀዲያ ኮምቦልቻ ስትዳር «መርከብ ገብታለች» ብዬ ቀረሁ። ልጅ ስትወልድም ሌላ መርከብ ገብታ ነበር። የመርከቦቹን ስም እንኳ አላስታውስም። እናደዳለሁ፤ በማን እንደሆነ እንጃ።

ፕሪንተሩ እየጮኸ ማስረጃውን ያወጣል።

«ጋሽ ይመር፣ ቅጹን ያምጡልኝ።»

«የምን ቅጽ?»

«የእርስዎን ፈቃድ፤ የዓመቱን።»

«ስንት ቀን?»

«ያለኝን በሙሉ። ይኼን ማኒፌስት ልጨርስና ከነገ ጀምሮ።»

ሮጠው ያመጡታል፤ የበደለ ሰው እግሩ ፈጣን ነው። ተውፊቅ ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ቀድዶ ይሰናበተናል፤ ታክሲው ሲፈተለክ ይሰማኛል። እኔ ቆሜ እሞላለሁ። ስም። የሥራ መደብ። የቀን ብዛት። የመጨረሻው መስመር «ፈቃዱን የሚያሳልፉበት አድራሻ» ይላል። እሱንም እንደ ሌሎቹ በፍጥነት እጽፍና ቅጹን እሰጣቸዋለሁ።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል።

«ራዲያ» ይላሉ ቀስ ብለው። «ይኼ’ኮ የቢሮው ፖስታ ሣጥን ነው።»