የሦስት ቀን እንግዳ

ከሕንድ እስከ አውሮፓ የሚነገሩት ብዙ ቋንቋዎች ገና አንድ ቋንቋ በነበሩበት ዘመን ነው። ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ባለው የሣር ሜዳ የሚኖር አንድ ሰው የወንድሙን ገዳይ እንደገና ሊያሳድድ ፈረሱን ጭኖ ሳለ እንግዳ መጣበት። የገዳዩን ስም ያውቃል፤ መልኩን ግን አይቶት አያውቅም።

በአገሩ ደንብ እንግዳ ሦስት ቀን ሳይስተናገድ ስሙ አይጠየቅም። የቤቱን ምግብ የቀመሰውን ሰው ደግሞ ባለቤቱ እስኪሸኘው ድረስ ከማንም ይጠብቀዋል።

እንግዳው አልቸኮለም። በግ ታረደለትና ጨረሰ፤ ሌላ ታረደለት።

«አንተ ሰው፣ ገዳዩ ወንዙን ተሻግሮ ሊያመልጥህ ነው» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ከአፉ ልንጠቀው?» አላት ጥርሱን ነክሶ።

«ምነው ወንድሜ፣ አንተ አትበላም እንዴ?» አለ እንግዳው አጥንት እየጋጠ።

ሦስተኛው ቀን እንደ ምንም አለፈ።

«በል ስምህን ንገረኝና እኔም ወደ ጉዳዬ ልሂድ» አለው።

እንግዳው እጁን ጠርጎ ስሙን ተናገረ። ባለቤቱ ወር ሙሉ ሲያሳድደው የከረመው ስም ነበር።

«መንገዱን ሁሉ ዘመዶችህ ይዘውብኛል» አለ እንግዳው። «ቤትህን ጠይቄ ነው የመጣሁት።»

ወዲያው ደጅ ላይ የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

«ልጄ፣ የወንድምህ ገዳይ ዱካ እዚህ አደረሰን። አውጣልን!» አለ የአባቱ ድምፅ።

ሰውየው ጦሩን አንሥቶ ወጣ። በሩን ዘግቶ ቆመና የጦሩን ጫፍ ወደ አባቱ ደረት አዞረ።