ሁለተኛው ውሃ

በሶንጌያ እስር ቤት ግቢ፣ ጀርመናዊው ቄስ የውሃ ጣሳ ይዞ በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ላይ ተነስተው ስቅላት ከተፈረደባቸው ሁለት አማፅያን ፊት ቆመ። "የተጠመቀ ነፍሱ ትድናለች" አላቸው። አንደኛው፣ ኮምባ፣ አቀረቀረ። የነጭ ጥይት ውሃ ይሆናል እያለ ዘማቾቹን መድኃኒት ያለበት ውሃ የረጫቸው እሱ ነበር፤ ከዘመቱት የመንደሩ ልጆች ከጥይት የተረፈው አሁን አጠገቡ የታሰረው የእህቱ ልጅ ብቻ ነው።

"አጎቴ፣ ይሄኛውስ ይሠራል?" አለው ወጣቱ።

"እኔን አትጠይቀኝ" አለ ኮምባ፤ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።

"ቶሎ በሉ!" ብሎ የሚጠብቃቸው ወታደር ጮኸ። ቄሱ ጣሳውን ሊያዘነብል ሲል ወጣቱ ራሱን ሸሸት አደረገ።

"አባ፣ ጣሳውን ለሱ ስጠው። የሱን እጅ ለምጄዋለሁ" አለና አናቱን ለአጎቱ ዝቅ አደረገለት።

ቄሱ ጥቂት አመነታና ጣሳውን ሰጠው። ኮምባ ጠብታ ሳያስቀር አናቱ ላይ አፈሰሰለት።