አዎ ማለት የለመደ አፍ

መምህሩ የአንድን ዝነኛ መሪ ንግግር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ሲተነትን ዓመታት አስቆጥሯል። «ሰውየው መጀመሪያ እምቢ የማይባል ነገር ይጠይቃል። አፋችሁ አዎ ማለት ሲለምድ ዋናውን ጣል ያደርገዋል» ይላቸዋል።

ዛሬ ሽማግሌዎች ሴት ልጁን ለጋብቻ ሊጠይቁ ዳግመኛ መጥተዋል። ባለፈው «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» ብሎ መልሷቸዋል፤ አሁንም ሊመልሳቸው ቆርጧል።

ጋሽ ተካልኝ የሚባሉት ሽማግሌ መልስ ሳላገኝ አልቀመጥም ብለው እንደቆሙ ጀመሩ።

«ልጅዎን በጨዋ ደንብ አሳድገዋል አይደል?»

«አዎ።»

«በራሷ እንድታስብ አድርገው አስተምረዋታል አይደል?»

«አዎ።»

«የእሷ ደስታ የእርስዎም ደስታ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ለእኛ ልጅ ሊድሯት ፈቅደዋል አይደል?»

«አዎ።»

መምህሩ ያለውን የሰማው ከጓዳ እልልታው ሲቀልጥ ነው። አፉን በመዳፉ ያዘ፤ ሳቁ ግን አመለጠው።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አስጠናዎት?»

ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ ጓዳው ዞሩ። አምና በእሱ ክፍል ተምራ የዚያኑ ንግግር ትንተና ስትጽፍ መምህሩ «ምንም አልገባሽም» ብሎ ዲ የሰጣት ልጁ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ውጤቴን ታስተካክልልኛለህ አይደል?»