በቀኝ በኩል ያለው መሪ

የሟቹ ወንድሙ የሙሊሳ ፋልከን መኪና ከአውስትራሊያ በመርከብ ተጭና አሜሪካ፣ ሮዝቪል የደረሰች ዕለት፣ ሆርዶፋ የራሱን ማስታንግ መኪና ከጋራዥ አውጥቶ ውጭ በረዶ ላይ አቆማትና ቦታውን ለእንግዳዋ ለቀቀ። አምሳ ዓመት ያለፋቸው ወንድማማቾች እንደ ሰፈር ጎረምሳ በስልክ ያልተጨቃጨቁበት ሳምንት አልነበረም። «ያንተዋ ሁለት በር ብቻ ያላት የራስ ወዳድ መኪና ናት» ይለው ነበር ሙሊሳ ከሜልበርን። «የእኔ አራት በር አላት፤ ቤተሰብ ጭና ነው ማስታንግህን አቧራ የምታቅማት። አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬህ ስነዳ አፍህን ትዘጋለህ።» ሆርዶፋም፣ «ሞተሯን ከእኛ ከአሜሪካ ተውሳ ነው ይሄ ሁሉ ጉራ?» እያለ ይስቅበት ነበር።

አሁን ቁልፉን ጨብጦ፣ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው በግራ በኩል ገባና መሪውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። የያዘው ነገር አልነበረም። የአውስትራሊያ መኪና ናትና መሪው በቀኝ ነው፤ የሾፌሩ ወንበር ቆዳም የሙሊሳን ሰፊ ጀርባ ቅርጽ እንደያዘ ነበር።

«ዳድ፣ ሮንግ ሳይድ ነው የገባኸው» አለች ልጁ ሶሬቲ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ እየሳቀች። «ዙርና በዚያ በኩል ግባ።»

አልዞረም። ቀበቶውን ስቦ አሰረ። ቁልፉን ባዶው የሾፌር ወንበር ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ሰበሰበ። ሶሬቲ ሳቋን ዋጠች።

«ንዳ እንግዲህ፣ ሙሊሳ» አለ። «ይኸው አፌን ዘጋሁልህ።»