በብብት የሞቀ ጓንት

እጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ ዛሬም ግራ ይገባኛል። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። በብርዱ ነው እንዳልል ጣቶቼ ደህና ናቸው። ታሪኩ የአንዲት አበባ አሳሪ ሴትና የልጇ ነው።

ሴትየዋ አበባ ማሸጊያ ውስጥ መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። የተቆረጠው አበባ የሚታሸገው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው፤ ብርዱ ሁልጊዜ ሁለት ዲግሪ ላይ መሆን አለበት። እዚያ ሩብ ሰዓት ስትቆይ ጣቶቿ ከጫፋቸው ጀምረው ይነጣሉ። እንደ ሻማ ነጭ። ወጥታ ሲሞቃት ደግሞ ይቀሉና እሳት እንደነካቸው ይለበልቧታል። አውራ ጣቶቿ ብቻ ይተርፋሉ። የነጡት በመርፌ ቢወጉ አይሰማትም። ሳንቲም ከመሬት አታነሳባቸውም፤ የካፖርቷን ቁልፍ የምትቆልፍላት ልጇ ናት።

ብልሃት ግን አላጣችም። ጠዋት ሁለት ትኩስ ድንች በሁለት ኪሷ ከትታ ትመጣለች፤ ሲቀዘቅዙ ምሳዋ ናቸው። ሁለት ጥንድ የሱፍ ጓንትም አላት። አንዱን ስታጠልቅ ሌላውን ልጇ በብብቷ ታሞቅላታለች፤ ረፋድ ላይ ይቀያየራሉ። ሥራቸውም ጎን ለጎን ነው፦ እናት አበባውን ሃያ ሃያ አድርጋ ትሰበስባለች፣ ልጅ ላስቲኩን ታስራለች።

«እትዬ፣ እጅሽ ዛሬም ኖራ ተቀባ?» ይላታል ጋሪ ገፊው። ወሬ ስለማያድርበት ሬዲዮ ነው የሚሉት።

«ለሠርግህ እያሳመርኩት ነው። ሙሽሪት ከተገኘች።»

ሁሉም ይስቃል። ልጅቷ አትስቅም። የእናቷ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ቁስል ወጥቶ አልድን ብሏል። የክሊኒኳ ነርስ «ከብርድ ካልራቅሽ ጫፉ ይቆረጣል» ብላ ነበር።

«እማ፣ ይሄን ሥራ ተይው።»

«ልተወውና ዘጠነኛ ክፍል ማን ያስገባሽ? ሬዲዮ?»

ያን ሰሞን ብርዱ ያለ ወትሮው መላላት ጀመረ። በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ብርዱ የሚስተካከልባት የሽምብራ ፍሬ የምታህል ማዞሪያ አለች፤ ጓንት ተወልቆ በጥፍር ተቆንጥጣ ነው የምትዞረው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ወደ ስምንት አዞራት። አበባው ካርቶኑ ውስጥ እያለ ፈነዳ፤ ገዢውም ሁለቱንም ጭነት መለሰ።

ሁለቱንም ቀን የሴትየዋ ጣቶች ሳይነጡ ዋሉ። ይህን ሬዲዮ አየ። ሬዲዮ ያየውን ደግሞ ግቢው በሙሉ ሰማ።

አለቃው ሠራተኛውን ሰበሰበ። «ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመና ያደረገው ሰው ካልተገኘ የዚህ ክፍል ሰው በሙሉ ይሰናበታል። ሠላሳ ሁለታችሁም።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጅቷ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«እማ፣ ቢይዙት ምን ያደርጉታል?»

«ማንን?»

«ያደረገውን።»

«ያባርሩታላ። ስሙም ይዞራል፤ ሌላ ማሸጊያ አይቀጥረውም።» እናትየው ይህን ስትል የምታየው መንገዱን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ የልጅቷ ዓይን ከእናቷ እጅ ወደ ማዞሪያዋ፣ ከማዞሪያዋ ወደ አለቃው ይመላለሳል።

ሐሙስ ዕለት እናትየው ግንድ ስታስተካክል ሌባ ጣቷን በመቀስ ቆረጠችው። አልተሰማትም፤ መሰብሰቧን ቀጠለች። ደሙን ነጩ አበባ ላይ ያየችው ልጇ ናት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ማዞሪያዋ እንደገና ስምንት ላይ ተገኘች። ከሥሯ ወለሉ ላይ አንድ የሱፍ ጓንት ወድቋል።

አለቃው ብርዱን ወደ ሁለት መልሶ በሩን ዘጋና ሁሉንም እዚያው አቆማቸው። ጓንቱን ከፍ አደረገው።

«የማን ነው?»

ጓንቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ዓይን ሁሉ ወደ ሴትየዋ ዞረ። እሷም ሁለቱንም እጆቿን ከነጓንታቸው በብብቷ ሥር ሸጎጠች።

«እባክህ፣ ጌታዬ፣ እሷ...» ልጅቷ ጀመረች። እናትየው በጫማዋ እግሯን ረገጠቻት።

«የኔ ነው» አለች። «ብርዱ ሲብስብኝ አዞርኩት። ሦስቱንም ቀን።»

«አምስት ዓመት ሙሉ አምኜሽ?»

«እኔም አምስት ዓመት ሙሉ በርዶኝ።»

አለቃው የስንብት ወረቀቱን እዚያው ካርቶን ላይ አስደግፎ ሞላውና እስክሪብቶውን ሰጣት። ሁለት ጊዜ ከጣቶቿ ሾልኮ ወደቀ። የማኅተሙን ቀለም አመጡላት፤ በማይነጣው አውራ ጣቷ ፈረመች።

ልጅቷ እስከ በሩ ሸኘቻት። እናትየው እንደ ሁልጊዜው ካፖርቷን ለብሳ ቀጥ ብላ ቆመችላት፤ ልጅቷም ከላይ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈች።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ያዢ» አለቻት እናቷ። ከዚያ የልጇን ጣቶች በነጡት ጣቶቿ ሸፍና ትንሽ ያዘቻቸው። «አንዱ ጓንት አለቃው ጋ ቀርቶብኛል፤ ተቀብለሽ አምጪልኝ።»

ለማንም፣ ለእናቴም እንኳ ነግሬው አላውቅም፤ ማዞሪያዋን ሦስቱንም ቀን ያዞሯት ይህን የሚጽፉት ጣቶች ናቸው።