የጓድ አካሉ ዳቦ

የካቲት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ነበር። ከመካነ ሰላም የመጣው ካድሬ ጓድ አካሉ፣ «ወሎዬ ዓሣ ማጥመድ ቢያውቅ አይራብም ነበር» ባይ ነው። ጠዋት ጠዋት የደጋው ውርጭ በግድባችን ላይ ያጋገረው ስስ በረዶ መቅለጥ ሲጀምር እኔ ታንኳ እቀዝፋለሁ፤ እሱ መንጠቆ ይወረውራል። እስካሁን ያጠመደው የገዛ ኮቱን ብቻ ነው። አምና በረሃብ ያለቁት ጎረቤቶቻችን የተቀበሩት እዚሁ ሜዳ ላይ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ግድቡ ሞልቶ ውኃው ዋጣቸው።

አንድ ጠዋት ታንኳዋ ላይ ሳለን ጓድ አካሉ ዳቦውን አውጥቶ ብቻውን ይጎርስ ጀመር።

«ጓድ፣ እናቴ በረሃብ ከመደብ መነሣት አቅቷታል። ትንሽ ብወስድላት?» አልኩት አንገቴን ደፍቼ።

«ዓሣ ታጥምዳ!»

«እንግዲያው ‹እንብላ› ይበሉ እንጂ። ሰው እያየ ዝም ተብሎ አይበላም።»

ከት ብሎ ሳቀና ዳቦውን ወደ ውኃው ዘርግቶ፣ «እንብላ!» ብሎ ጮኸ።

በአገራችን የዚህ መልስ «ይባረክ» ነው፤ ማንም እጁን አይሰድም።

ከበረዶው ሥር ብዙ ድምፅ ባንድነት፣ «እሺ» አለ።

ታንኳዋ ሰው እንደተሳፈረባት በአንድ ጎኗ አዘነበለች፤ ቀጥሎም በሌላው። ጓድ አካሉ ዳቦውን እንዳለ እጄ ላይ ጣለው።

«ለእናትህ! ውሰድላት!»

«አትድከም ልጄ፤ እዚሁ መጥቻለሁ» አለች እናቴ፣ ከኋላዬ።