የዱዌይን የውሃ ተራ

ዚና ኮስታ ካሜራዋን ይዛ ወደ ዊሎው ቤንች የተመለሰችው ሁለት ነገር ፈልጋ ነው። አንዱን ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች፤ ሞርሞን የሚባሉት አማኞች ያንን የአሜሪካ የዩታ ሸለቆ ያቀኑበትን መቶ ሃምሳኛ ዓመት የሚያስታውስ ዘጋቢ ፊልም ልትሠራ ነው። ሌላውን በሆዷ ይዛዋለች። አባቷን ማን እንደገደለው ማወቅ ትፈልጋለች።

መብራት የምትይዝላት እናቷ ቬርላ ናት።

«እኔ በቁሜ እያለሁ ባዳ ሊይዝልሽ?» ብላ ገና በመጀመሪያው ቀን ነጠቀቻት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። የግራ እጇ ትንሿ ጣት በር ዘግቶባት ድሮ ተጣማለች። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ያንን መብራት ሰዓት ሙሉ ይዛ ስትቆም ንቅንቅ አትልም።

ቀረጻውን ከቬርላ ምድር ቤት ጀመሩ። በዊሎው ቤንች የዓመት ቀለብ ያላከማቸ ቤት የለም። መደርደሪያው ላይ የኮክ ፍሬ የታሸገባቸው የብርጭቆ ማሰሮዎች ዓመታቸው ክዳናቸው ላይ ተጽፎ ተደርድረዋል።

«ወለሉንም ቅረጪው» አለች ቬርላ ኮራ ብላ። «አንቺ አራት ዓመት የሞላሽ ጊዜ ነው በሲሚንቶ የለሰንኩት። በገዛ እጄ! አይጥ አላስቀምጥ ብሎኝ።»

ዚና ሳቀች፤ ቀረጸችውም።

በሳምንቱ ወደ ቦዩ ሄዱ። ቦዩን የቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ናቸው። ዛሬም እያንዳንዱ ቤት ማሳውን የሚያጠጣበት የተራ ሰዓት አለው፤ የሰው ሰዓት የነካ በአካፋ ይመታል። የውሃው ዳኛ ለሃምሳ ዓመት ኦሪን ናቸው፤ አሁን ሰማንያ አራት ሞልቷቸዋል።

የዚና አባት ዱዌይን ከውጭ የመጣ ሰው ነበር። ሃይማኖቱን አልተቀበለም፤ ሃይማኖቱ የሚከለክለውን ቡናውንም ቢራውንም አልተወም። ዚና አራት ዓመት በሞላት መኸር መንደሩ ሁሉ እያየ ከኦሪን ጋር በቦዩ በር ላይ አካፋ ተማዘዙ። ሳምንት አልሞላውም፤ ተራው በደረሰበት ንጋት አካፋውን ይዞ ወጣ ተባለ፣ ከዚያ ያየው የለም። ቬርላ ለሚጠይቃት ሁሉ «ኔቫዳ ነው ያለው፤ ሲፈልግ ይመጣል» ትላለች። መንደሩ ግን ኦሪንን እያየ ዝም አለ። ዚና ያንን ዝምታ ስትጠጣ ነው ያደገችው።

«ወንድም ኦሪን» አለቻቸው ካሜራውን አስተካክላ፣ «አባቴ የዚያን ቀን ተራውን ሊወስድ መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም። በሩ እንደተዘጋ ነው የዋለው።»

«ከቤት አካፋውን ይዞ ነው የወጣው እኮ።»

ሽማግሌው ካሜራውን አላዩም። ዓይናቸውን መብራቱ ላይ ተክለው ቆዩ።

«ማነው ያለሽ?»

«መንደሩ በሙሉ ያውቃል።»

«እንግዲያው መንደሩን ጠይቂ።» ባርኔጣቸውን ደፉ። «ስሚ ልጄ። የአያቶቻችንን ቦይ ቅረጪ፣ ጋሪያቸውን ቅረጪ። ይሄንን ተዪው። ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ።»

«እያስፈራሩኝ ነው?»

«ከገባሽ፣ አዎ።»

ዚና ካሜራዋን አጠፋች። ማታውን የኦሪን መኪና መጥቶ ከቤታቸው ፊት ለፊት ቆመ፤ ሞተሩ አልጠፋም። ቬርላ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ወጣችና በመስኮቱ ጥቂት አነጋገረቻቸው።

«ምን አሉሽ?» አለች ዚና እናቷ ስትመለስ።

«ስለ አፕሪኮት ፍሬ ለቀማው ነው። ምን ያስደነግጥሻል?»

ዚና ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳት፤ ነገሩ የበራላትም ያኔ ነው። በዚህ ሕዝብ ዘንድ ሳይጠመቅ የሞተ ሰው ካለ በስሙ ሌላ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይጠመቅለታል። ስሙ የሚቀርበው የሞተበት ቀን ተጽፎ፣ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። በሕይወት ላለ ሰው አይደረግም። ኦሪን ደግሞ ሠላሳ ዓመት በቤተ መቅደስ አገልግለዋል። ሬሳ መደበቅ ይቻል ይሆናል፤ ነፍስን ያለ ውሃ መተው ግን የዊሎው ቤንች ሰው አንጀቱ አይችልም። አባቷን የገደለው ሰው ስሙን ለጥምቀት ሳያቀርብ አይቀርም።

በማግስቱ ወደ ጸሎት ቤቱ፣ የትውልድ መዝገብ ወደሚገኝበት ክፍል ሄዱ። መዝገቡን የምትጠብቀው እህት ላሩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«ይቅርብሽ ዚና» አለች ቬርላ መብራቱን እንደያዘች። «አባትሽ በሕይወት ያለ ሰው ነው። በሙታን መዝገብ ምን ይሠራል?»

«ከሌለበትማ ደስታውን አልችለውም፣ እማ። ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

ላሩ ስሙን ጻፈች። ጠበቀች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገች።

«አለ» አለች።

ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ። ላሩ ቀስ ብላ አነበበችው። «ዱዌይን ኮስታ። የሞተበት ቦታ ዊሎው ቤንች። የሞተበት ቀን ሴፕቴምበር 19፣ 1983። በስሙ የተጠመቀለት ሴፕቴምበር 20፣ 1984።»

የጠፋበት ቀን ነው። የዚና እንባ ዱብ ዱብ አለ። አባቷ ሞቷል፤ አሁን ቁርጡን አወቀች። መሞቱን ማንም ባላየው ሰው ላይ ቀኑን ሳይስት የሚጽፍ የገደለው ሰው ብቻ ነው። አገኘሁህ ኦሪን፣ አለች በልቧ። እርስዎ ማለቱም ቀረ።

«ስሙን ማን ነው ያቀረበው?»

ላሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እታች ነው ያለው። አንቺው አንብቢው፣ የኔ ልጅ።»

ዚና ካሜራውን ወደ መጨረሻው መስመር አስጠጋች። ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«እማ፣ አጥብቀሽ ያዢው እንጂ!»

ሌንሱን አጠራች፤ ፊደሎቹ ቀስ በቀስ ጎልተው ወጡ።

«አቅራቢ፦ ቬርላ ኮስታ፣ ሚስት።»